ቤቱ ግማሽ አካሉ ነው

በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት፣ ጨው በሚቆፈርበት የሶልት ሬንጅ ተራራ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ድንጋዩ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ የዋለው ጠፍጣፋ አለት ምሽቱን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከሥሩ ካለው ስንጥቅ ውስጥ፣ ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተዘራበት እንሽላሊት ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል። ቸኩሎ አይወጣም። ሆዱን ከሞቃቱ አለት ጋር አጣብቆ ጥቂት ይቆይና ጡንቻው ሲፍታታለት ጢንዚዛ፣ ሸረሪት፣ አንዳንዴም ጊንጥ ፍለጋ ይሰማራል። ሊነጋጋ ሲል ተመልሶ ከስንጥቁ ይገባል። እዚያ ውስጥ ከላይ ከአለቱ የሚወርደው ሙቀትና ከታች ከአፈሩ የሚመጣው ቅዝቃዜና እርጥበት በጥቂት ክንድ ርቀት ውስጥ ይገናኛሉ። ሲበርደው ወደ ስንጥቁ አፍ ይጠጋል፣ ሲሞቀው ወደ ጥልቁ ይገባል። ብርዱ በሚበረታባቸው ወራት ደግሞ ከዚያው ሳይወጣ፣ እንደ በግ ላት በደነደነው ጭራው ውስጥ ያከማቸውን ስብ እየቆጠበ ይከርማል።

ይኸው እንስሳ ዛሬ በሜሪላንድና በሚኒሶታ፣ በለንደንና በኦስሎ የቤት እንስሳት ሱቆች በትንሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይሸጣል። ሌፐርድ ጌኮ ይባላል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ብላይዝ እ.ኤ.አ. በ1854 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የተፈጥሮ አገሩ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው። ሙሉ ሰውነቱ ከጭራው ጋር ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከግድግዳ ላይ ከምናውቃቸው ጌኮዎች በሁለት ነገር ይለያል፤ የሚከደን የዓይን ቆብ አለው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ መዳፍ ግን የለውም። ኖርዌይ ለአርባ ዓመት ያህል የቆየውን ተሳቢ እንስሳትን በቤት የማርባት እገዳ እ.ኤ.አ. በ2017 አላልታ 19 ዝርያዎችን ስትፈቅድ ከተፈቀዱት አንዱ እሱ ነበር። ሻጩ ‹‹ለጀማሪ የሚሆን፣ ብዙ የማያስቸግር›› ይለዋል፤ ልጃቸው ለልደቷ እንሽላሊት ካልተገዛልኝ ያለችባቸው የሐበሻ ወላጆችም ይህን ሰምተው እፎይ ይላሉ። ውሻ አይደል፣ አይጮህ፤ ድመት አይደል፣ ሶፋ አይቧጭር።

‹‹አያስቸግርም›› የሚለው አባባል እውነትንና ስህተትን አጣብቆ የያዘ ነው። እንስሳው ታጋሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ጉድለትን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ይችላል። ይህ ቻይነቱ ግን አያያዛችን ጥሩ ለመሆኑ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሙቀቱን ከውጭ ለሚያገኝ እንስሳ ቤቱ ግማሽ አካሉ ነው። በተራራው ላይ የምግብ መፈጨቱን፣ የቆዳ መለወጡን፣ በሽታን የመከላከሉን ሥራ ከሰውነቱ ጋር ተካፍለው የሚሠሩት አለቱ፣ ስንጥቁና አፈሩ ናቸው። ከዚያ አውጥቶ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ያንን ሥራ ተረክቧል። ስለዚህ ጥሩ ቤት ማለት እንስሳው ሳይሞት የሚቆይበት ሣጥን ሳይሆን፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን፣ ደረቁንና እርጥቡን፣ ብርሃኑንና ጨለማውን ራሱ እየመረጠ የሚኖርበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

ነገሩ ከሰውነቱ አሠራር ይጀምራል። ሰው ከሚበላው ምግብ ብዙው የሚነደው ሰውነቱን 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ለማቆየት ነው። እንሽላሊት ይህን ወጪ አያወጣም፤ ለዚህም ነው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ በልቶ የሚያድረው። ነገር ግን ሙቀት ካላገኘ የበላው ነፍሳት ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ወይ ይተፋዋል፣ ወይ ይበሰብስበታል። ሕመም ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በሚኖረው የበረሃ ኢጓና ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በባክቴሪያ የተለከፉ እንሽላሊቶች ምርጫ ሲሰጣቸው ከወትሮው ወደሚሞቅ ጥግ እንደሚሄዱ ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት ደግሞ ይበልጥ አስደናቂ ነበር፤ ከተለከፉት ውስጥ በ42 ዲግሪ የተያዙት በአብዛኛው ሲተርፉ፣ በ34 ዲግሪ የተያዙት በአብዛኛው ሞቱ። ቁጥሮቹ የኢጓናው ናቸው፤ ለጌኮ በቀጥታ አይሠሩም። መርሁ ግን ግልጽ ነው። እኛን ትኩሳት ባለንበት ይይዘናል፤ እንሽላሊት ትኩሳቱን በእግሩ ሄዶ ነው የሚያመጣው። የሚሄድበት ሞቃት ቦታ ከሌለ፣ መድኃኒቱን ከልክለነዋል ማለት ነው።

ሙቀት በዚህ እንስሳ ሕይወት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማየት ወደ እንቁላሉ መመለስ ይቻላል። የሌፐርድ ጌኮ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በታቀፈበት ሙቀት ነው። 26 ዲግሪ አካባቢ የሚፈለፈሉት ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ 32 ተኩል አካባቢ ወንዶች ይበዛሉ፤ 34ን ሲያልፍ እንደገና ሴቶች ይበረክታሉ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ክሩዝ ቤተ ሙከራ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የተፈለፈሉ ሴቶች በዝቅተኛው ከተፈለፈሉት እህቶቻቸው ይልቅ ጠበኛ እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ጥቂት ዲግሪ ፆታንና ጠባይን ያህል ነገር ከቀየረ፣ ‹‹ክፍላችን ሞቅ ያለ ስለሆነ ይበቃዋል›› የሚለው ግምት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አንባቢ ይፈርድ።

እንግዲህ ቤቱን እንሥራ። ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ምክር 38 ሊትር ወይም 75 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ለአንድ ጌኮ በቂ ነው የሚል ነበር። ዛሬ ስለ ጉዳዩ አጥብቀው የሚያስቡ አርቢዎች ለአንድ አዋቂ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ቁመት ያለውን ይመክራሉ፤ እኔም ትክክለኛው ይህ ነው እላለሁ። ምክንያቱ የእንስሳው ምቾት ብቻ አይደለም። በአጭር ሣጥን ውስጥ አንዱን ጫፍ ስናሞቅ ሌላውም አብሮ ይሞቃል፤ ምርጫ የሚባለው ነገር ይጠፋል። ርዝመት ሲኖር ግን በአንደኛው ጫፍ ላይ ያለው ድንጋይ ወይም ሸክላ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሌላኛው ጫፍ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ መቆየት ይችላል። ሌሊት ማሞቂያው ጠፍቶ ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ ጤነኛ አዋቂ አይጎዳም፤ በአገሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ከላይ በሃሎጅን አምፖል ቢመጣ ድንጋዩን ልክ እንደ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ከሥር በማሞቂያ ምንጣፍም ይቻላል፣ ምንጣፉ የወለሉን ሲሶ ያህል ብቻ ይዞ በሞቃቱ መደበቂያ ሥር እስካረፈ ድረስ። ሁለቱም ቢሆኑ ያለ ቴርሞስታት መሰካት የለባቸውም። ቁጥጥር የሌለው ምንጣፍ እንስሳውን ሆዱ ላይ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ጌኮው ደግሞ እየተቃጠለም ቢሆን ቶሎ ላይነሳ ይችላል። በውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለው ‹‹የሚሞቅ ድንጋይ›› እየተባለ የሚሸጠውን እቃ በዚሁ ምክንያት መተው ይሻላል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን እንጂ እንስሳው የሚተኛበትን ድንጋይ ስላልሆነ፣ ወደ ድንጋዩ አነጣጥሮ የሚለካውን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር መግዛት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ከሙቀት ቀጥሎ መደበቂያ ይመጣል፤ ቢያንስ ሦስት። አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ አንዱ ደግሞ በመካከል ሆኖ ውስጡ እርጥብ። መደበቂያው በአንዱ ጫፍ ብቻ ከሆነ እንስሳው በደኅንነቱና በሙቀቱ መካከል ተጨንቆ ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደኅንነትን መርጦ ቀዝቅዞ ይተኛል። እርጥቡ መደበቂያ ሰዎች በቀላሉ የሚዘሉት ነው፤ የሣጥኑ አየር በመቶኛ ከ30 እስከ 40 እርጥበት ካለው ይበቃል ተብሎ ስለሚታሰብ። ነገር ግን ጌኮው ቆዳውን የሚለውጠው እንደ ጓንት ሙሉ በሙሉ ነው፤ ከመለወጡ በፊት ሰውነቱ ገርጥቶ ነጭ ይመስላል፣ የወለቀውንም ራሱ ይበላዋል። ይህ ሥራ እርጥበት ይፈልጋል። እርጥበት ካጣ አሮጌው ቆዳ በጣቶቹ ጫፍና በዓይኑ ዙሪያ ቀርቶ ይደርቃል፤ በጣት ላይ የቀረው እንደ ክር እያነቀ ደም ይከለክላል፣ በመጨረሻም ጣቱ ይወድቃል። ጣት የጎደላቸው ሌፐርድ ጌኮዎች በየቦታው መታየታቸው ይህ ስህተት የቱን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይመሰክራል። መፍትሔው ደግሞ ርካሽ ነው፤ መግቢያ የተበጀለት የፕላስቲክ እቃ፣ ውስጡ ረጥቦ የተጨመቀ የወረቀት ፎጣ፣ እንዳይሻግት በየጊዜው መቀየር።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት ይነሳል። ‹‹የበረሃ እንስሳ አይደለም እንዴ? ደረቅ አሸዋ ቢነጠፍለት ምን ይጎድለዋል?›› ሙግቱ አገሩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ሌፐርድ ጌኮ የሚኖርበት ምድር ጠንክሮ የተጠቀጠቀ ጭቃማ አፈር፣ ጠጠርና አለት እንጂ ነፋስ የሚያንከባልለው የአሸዋ ክምር አይደለም፤ ቀኑን የሚያሳልፍበት ስንጥቅም ከላዩ ካለው አየር ይልቅ እርጥብ ነው። ልል አሸዋ ላይ ነፍሳት ሲያሳድድ አብሮ ይውጠዋል። በሚገባ የሞቀና ካልሲየም ያልጎደለው ጤነኛ እንስሳ ጥቂቱን ያስወጣው ይሆናል፤ የበረደውና ማዕድን ያነሰው ግን አፈሩን ሆን ብሎ እስከ መላስ ይደርሳል፣ አንጀቱም ሊዘጋ ይችላል። አሸዋው ብቻውን ወንጀለኛ ነው የሚሉም፣ የለም ምንም አያደርግም የሚሉም ግማሹን እውነት ነው የያዙት፤ አሸዋው የሚገድለው ሌላው የቤቱ ክፍል አስቀድሞ ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ለጫጩት፣ ለታመመና ገና ለመጣ እንስሳ የወረቀት ፎጣ ይነጠፍ፤ ለጤነኛ አዋቂ ደግሞ ማዳበሪያ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አፈር ከጥቂት አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ፣ ረጥቦና ተደልድሎ የደረቀ ወለል፣ ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ይመቻል። ‹‹ቢዋጥም ይፈጫል›› ተብሎ የሚሸጠው የካልሲየም አሸዋ ግን ጭራሹን አይመከርም፤ እንዲልሰው ይጋብዘዋልና።

ሁለተኛው ሙግት ስለ ብርሃን ነው፣ ከአሸዋው ይልቅም ክብደት አለው። እንስሳው የሚወጣው በምሽትና በሌሊት ስለሆነ የአልትራቫዮሌት መብራት አያስፈልገውም፣ ቫይታሚን ዲ 3 በዱቄት መልክ ምግቡ ላይ ቢነሰነስለት ይበቃዋል ይባላል። በእርግጥም ብዙ ሌፐርድ ጌኮዎች በዱቄት ብቻ ለዓመታት ኖረዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 የታተሙ ሁለት ጥናቶች አልትራቫዮሌት ቢ ያገኙ ሌፐርድ ጌኮዎች ካላገኙት ይልቅ በደማቸው ውስጥ የበለጠ የቫይታሚን ዲ መጠን እንዳላቸው አሳይተዋል። ቆዳው ቫይታሚኑን የመሥራት አቅም ካለው፣ ያ አቅም በተፈጥሮ አንድ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው ማለት ነው፤ ጌኮው ከስንጥቁ አፍ ጭራውን ወይም ጀርባውን ብቻ አውጥቶ የሚያገኛት ጥቂት ብርሃን ሳትጠቅመው አትቀርም። ዱቄት ደግሞ አንድ ችግር አለው፤ ስንት እንደሚገባው የሚወስነው ሰው ነው፣ ቢያንስም ቢበዛም እንስሳው ማስተካከያ የለውም። ደከም ያለ መብራት በአንድ በኩል ተሰቅሎ በሌላው በኩል ጥላ ከተተወለት ግን ልኩን ራሱ ይመርጣል። ለሌሊት ተብሎ የሚሸጠው ቀይና ሰማያዊ አምፖል ግን አያስፈልግም፤ ሌሊቱ ጨለማ ይሁንለት።

የመብራቱ ነገር ከምግቡ ጋር የተያያዘ ነው። ሌፐርድ ጌኮ ቅጠልና ፍራፍሬ አይበላም፤ የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው። ክሪኬት የሚባለው የሌሊት ፌንጣ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚረባ በረሮ፣ የሐር ትል፣ የጢንዚዛ እጭ ዋናዎቹ ናቸው። ከአብዛኞቹ ጋር ያለው ችግር ፎስፈረሳቸው ከካልሲየማቸው ብዙ እጥፍ መብለጡ ነው፤ ለእንሽላሊቱ የሚስማማው ደግሞ ተቃራኒው፣ ካልሲየም የፎስፈረስ ሁለት እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። ጉድለቱ ሲቀጥል ሰውነቱ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳይወርድ ከአጥንት ይመዛል። መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንስሳው አይጮህም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ነፍሳቱን ነክሶ መያዝ ሲያቅተው ነው፣ የጎበጠው አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። ስለዚህ ነፍሳቱ ከመሰጠታቸው አንድ ቀን በፊት ካሮትና ቅጠላ ቅጠል ጠግበው ይብሉ፤ ሲሰጡም የካልሲየም ዱቄት ይነስነስባቸው፣ ቫይታሚን ኤ ያለበት ድብልቅ ቫይታሚንም አልፎ አልፎ ይጨመር። መጠናቸው በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ጫጩት በየቀኑ፣ አዋቂ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ቅባታሙ የሰም ትል በጣም ይወደዳል፤ ለመወደዱ ሲባል አዘውትሮ ከተሰጠ ግን ሌላ አልበላም ያስብላል፣ ያወፍራልም። ከሜዳ የተያዘ ነፍሳት ፀረ ተባይ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል አይሰጥ፤ በተለይ በአሜሪካ በጋ ምሽት በየጓሮው የሚያበራው ጢንዚዛ ለእንሽላሊት ገዳይ መርዝ አለው።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ብዙ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ናቸው። በመደርደሪያ ላይ በተደረደሩ የፕላስቲክ መሳቢያዎች፣ በወረቀት ፎጣ ላይ፣ ከሥር በሚሞቅ ገመድ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ጌኮዎች አድገዋል፣ ወልደዋል፣ ብዙ ዓመት ኖረዋል ይላሉ። ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው፣ ምክንያቱም እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከዚህ እውነት ምን ይከተላል የሚለው ነው። መዋለድ ሰውነት እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ኑሮ መልካም መሆኑን አያሳይም። በጠባብ የሽቦ ሣጥን የታጎሩ ዶሮዎች እንቁላል በብዛት ይጥሉ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ያንን ሣጥን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያገደው ምርቱ ጠፍቶ አልነበረም። በራሱ በሌፐርድ ጌኮ ላይም ማስረጃ አለ። በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ፍራንክሊን ኤንድ ማርሻል ኮሌጅ ሜሬዲዝ ባሾውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለጌኮዎች አምስት ዓይነት ማበልጸጊያ እየቀያየሩ አቀረቡ፤ የሙቀት ምርጫ፣ ተፈልጎ የሚገኝ ምግብ፣ ሽታ፣ አዲስ እቃና የሚታይ ነገር። እንስሳቱ ምላሽ ሰጡ፤ በተለይ በሙቀትና በምግብ ጊዜ አካባቢያቸውን ይበልጥ መመርመርና የተለያየ ጠባይ ማሳየት ጀመሩ። ባዶ መሳቢያ ውስጥ ያለው እርጋታ እንግዲህ እርካታ ላይሆን ይችላል፤ የሚሠራው ነገር የሌለው እንስሳ ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋል? አርቢው መሳቢያውን የሚመርጠው ለማጽዳትና ለመቁጠር ስለሚቀለው ነው፤ ያ የአርቢው ምክንያት ነው፣ የእንስሳው አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ገበያው አንድ ነገር መባል አለበት፣ ምክንያቱም እንስሳው የሚመረጥበት መንገድ ከቤቱ በፊት ዕጣውን ሊወስን ይችላል። ለዓሥርተ ዓመታት በተደረገ ማዳቀል ሌፐርድ ጌኮ ብርቱካንማ፣ ነጭ፣ ነጠብጣብ አልባ እየሆነ በየስሙ ይሸጣል። ‹‹ኢኒግማ›› የተባለው ዝርያ ውብ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሚዛናቸውን ስተው በክብ ይዞራሉ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልብሰው ይቀራሉ። ‹‹ሌመን ፍሮስት›› የተባለው ደግሞ ብሩህ ሎሚ መሳይ ቀለሙ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሎንግዋ ጉዎና ሊዮኒድ ክሩግሊያክ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ቀለሙን የሚያመጣው ለውጥ ስፒንት1 ከተባለ ጂን ጋር የተያያዘ መሆኑንና ከእነዚህ ጌኮዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቆዳ ዕጢ እንደሚያወጡ በ‹‹ፕሎስ ጄኔቲክስ›› መጽሔት አሳተሙ። ውበቱና ካንሰሩ ከአንድ ምንጭ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ የትኛውም መልካም ቤት አያድነውምና ገዢ ቀለም ከመጠየቁ በፊት ወላጆቹ ጤነኞች መሆናቸውን ይጠይቅ፤ ጭራው የወፈረ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ጣቶቹ የተሟሉ፣ ሲራመድ ሆዱን ከመሬት የሚያነሳ እንስሳ ይምረጥ።

ሁለተኛ ጌኮ ቢገዛለት አይሰለቸውም የሚለው አዛኝ ሐሳብም እዚህ ላይ ይስተካከል። ሁለት ወንዶች እስኪደማሙ ይጣላሉ። ሴቶች አብረው ሲኖሩ ሰላም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዷ ሞቃቱን ቦታና ምግቡን ይዛ ሌላዋ እየከሳች ትሄዳለች፣ ተደራርበው መተኛታቸውም እንደ ፍቅር ይታያል። ምርጫ ያለበት ቤት አንድ እንስሳ ብቻ የሚያዝበት ቤት ነው፤ ስለዚህ አንድ ጌኮ፣ አንድ ቤት። ሰውን ግን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ከላይ መጥቶ የሚይዘው እጅ አዳኝ ወፍ ነው የሚመስለው፤ ከጎን ተዘርግቶ እስኪወጣበት የሚጠብቀውን እጅ ይታገሣል። ጭራው ከተያዘ ጥሎት ይሄዳል። ጭራው መልሶ ይበቅላል፤ ነገር ግን አጠርና ወፈር ብሎ ነው፣ የተጠራቀመው ስብም አብሮ ጠፍቷል።

ዝምታው ከባድ ስለሆነ በሚዛን መመርመር ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በወጥ ቤት ዓይነት የግራም ሚዛን ተመዝኖ ክብደቱ ቢጻፍ፣ ዓይን ከማየቱ በፊት ቁጥሩ ይናገራል። ጭራው በድንገት መቅጠን ከጀመረ ከሚጠረጠሩት አንዱ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የአንጀት ጥገኛ ነው፤ የሚተላለፍ፣ የሚያከሳ፣ ለማዳንም እጅግ አስቸጋሪ። ቤት ውስጥ ሌላ እንሽላሊት ካለ አዲስ የመጣው በሌላ ክፍል ለሦስት ወር ያህል ተለይቶ እንዲቆይ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሰውም የራሱን ጥንቃቄ ያድርግ። ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላን ይዘው ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲያዙ አይመክርም። እጅ ከነካ በኋላ ይታጠብ፤ የውሃ ሣህኑና የሣጥኑ እቃ እንጀራና ወጥ በሚዘጋጅበት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብ።

የቀረው ሙግት ከራሳችን ሰዎች የሚመጣ ነው፣ ንቀትም የለበትም። ‹‹ለእንሽላሊት ይህ ሁሉ? አገር ቤት በግድግዳችን ላይ ሲሮጥ ማን ቴርሞስታት ገዝቶለታል?›› ትክክል ነው፤ አልተገዛለትም፣ አያስፈልገውምም ነበር። የግድግዳው እንሽላሊት ሲበርደው ወደ ጣራው ቆርቆሮ ይወጣል፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ ይገባል፣ ሲርበው መብራት ሥር ዝንብ ይጠብቃል። ነጻ ነው። የሌፐርድ ጌኮ የሥጋ ዘመዶችም፣ ሆሎዳክቲለስ የተባለውና ወፍራም ጭራ ያለው ሄሚቴኮኒክስ ቴይለሪ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሊያ ደረቅ ቆላዎች ማንም ሳይንከባከባቸው ይኖራሉ፤ ቢተዉ ነው የሚሻላቸው፣ ከዱር ተይዘው መምጣት የለባቸውም። ግዴታው የሚጀምረው በሩን ከዘጋንበት ቅጽበት ነው። ማንም እንድንገዛው አላስገደደንም፤ ከገዛነው ግን በተራራው ላይ በነጻ ያገኘው የነበረውን ሙቀትና ጥላ መልሶ መስጠት ቅንጦት ሳይሆን ዕዳ ነው።

ዕዳው ደግሞ ረጅም ነው። በደህና የተያዘ ሌፐርድ ጌኮ 15 እና 20 ዓመት ይኖራል። ለስምንት ዓመት ልጅ የተገዛ እንስሳ እሷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ገና ጎልማሳ ነው፤ በተማሪ ማደሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ስለዚህ ባለቤቱ በስም ልጅቷ ብትሆንም እውነተኛ ባለቤቶቹ ወላጆች ናቸው፤ ሕያው ክሪኬት በቤታቸው ለማቆየት ፈቃደኛ ካልሆኑ ባይጀምሩት ይሻላል። ከእንስሳው ዋጋ ይልቅ የቤቱ እቃ ዋጋ እንደሚበልጥም አስቀድሞ ይታወቅ። ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም በየሰፈሩ አይገኝምና አድራሻው ከግዢው በፊት ይያዝ። ባለቤት አጥተው በየማቆያው የሚጠብቁ አዋቂ ጌኮዎች ስላሉ መጀመሪያ እዚያ መጠየቅ መልካም ነው። ሁሉም ከተወሰነ በኋላ ቤቱ ከእንስሳው በፊት ይተከል፤ አምፖሉ በርቶ፣ ቴርሞስታቱ ተሰክቶ፣ መደበቂያዎቹ ቦታቸውን ይዘው ቢያንስ አንድ ሳምንት ባዶውን ይሥራ። ጠዋት፣ ማታና ሌሊት በሁለቱም ጫፍ የሚለካው ሙቀት ሳይዛነፍ ሰባት ቀን ከቆየ ጌኮውን ማምጣት ይቻላል፤ ከተዛነፈ ቀኑ ይራዘም።